ስሙን የማንጠራው ሕመም

በቤታችን የማይጠራ አንድ ቃል ነበር። አክስቴ በታመሙ በሦስተኛው ወር የምርመራቸው ውጤት ሲደርስ ወረቀቱን የተቀበልነው እኛ ነን። ለእርሳቸው የነገርናቸው «አንጀትዎ ትንሽ ቆስሏል፤ መድኃኒቱን ሲጨርሱ ይሻልዎታል» ብለን ነው። ከዚያ በፊት የቤተ ዘመዱ ታላላቆች ጓሮ ተሰብስበው ሲመክሩ አምሽተው ነበር። «ካወቁ ያለ ቀናቸው ይሞታሉ» የሚለው ወገን አየለ፤ አጎቴም «አንዲት ቃል ከአፋችሁ እንዳታመልጥ» ሲሉ አስጠነቀቁን። እኔም እንደ ሌሎቹ ቃል ገባሁ። ፍቅር መስሎኝ ነበር። ፍቅርም ነበር።

ሁለተኛም ነገር አደረግን። አክስቴ ዕድሜ ልካቸውን ጎሕ ሲቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የግማሽ ሰዓት መንገድ በእግራቸው ሄደው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ ሰው ነበሩ። ከታመሙ ወዲህ ግን «ይረፉ እንጂ፤ ያለዎትን ጉልበት ለምን ይጨርሳሉ?» እያልን ከቤት እንዳይወጡ ከለከልናቸው። ሕመምተኛ ይተኛል፤ ጤነኛ ያስታምማል፤ ከዚህ ሌላ ሥርዓት አናውቅም ነበር።

አንድ ማለዳ አልጋቸው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። ደንግጬ ስወጣ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መንገድ ላይ ምርኩዛቸውን ይዘው፣ ቀስ እያሉ ሲመለሱ ደረስኩባቸው። ልቆጣ አፌን ስከፍት ቀድመውኝ ሳቁና፣ «ልጄ፣ እናንተ ሕመሜን ከእኔ ትደብቃላችሁ፤ እኔ ደግሞ መንገዴን ከእናንተ እደብቃለሁ። ተካክለናል» አሉኝ።

አክስቴ ካረፉ ዓመታት አልፈዋል። ያቺ አነጋገራቸው ግን አልለቀቀችኝም። የሰው ልጅ ከዚህ በሽታ ጋር እንዴት እንደ ኖረ የሚተርኩ ጽሑፎችን ማገላበጥ የጀመርኩት በእርሷ ምክንያት ነው። የያዝኳቸው ጥያቄዎች ሁለት ነበሩ። ሰው ሕመሙን ማወቁ ይጎዳዋል ወይስ ይጠቅመዋል? በሕመም ውስጥ ሆኖስ ሰው በመንፈሱ ማደግ፣ በአካሉም መልካም ልማድ መያዝ ይቻለዋልን? ያገኘሁትን እነሆ ለአንባብያን አካፍላለሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ የጻፍኳቸው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

* * *

የበሽታው ስም የጥንት ነው። የግሪኩ ሂፖክራጥስና ተከታዮቹ «ካርኪኖስ» አሉት፤ ሸርጣን ማለት ነው። «ካንሰር» የሚለውም ቃል የዚያው ሸርጣን የላቲን ስሙ ነው። ከስሙ ጋር እኩል የሚያረጅ ሌላ ነገር ቢኖር መደበቁ ነው። የታሪክ ጸሐፊው ሄሮዶቱስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት በጻፈው መጽሐፍ፣ የፋርሱ ንጉሥ የዳርዮስ ሚስት ንግሥት አቶሳ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት እንደ ነበር ይተርካል። ንግሥቲቱ አፍራ ለማንም ሳትናገር ቆየች። እብጠቱ ፈርጦ እየሰፋ ሲሄድ ግን ዴሞኬዴስ የተባለውን ግሪካዊ ሐኪም አስጠርታ አሳየችው፤ እርሱም ፈወሳት ይለናል። የያዛት በርግጥ ካንሰር ይሁን አይሁን ዛሬ ማንም ሊፈርድ አይችልም። ሄሮዶቱስ መዝግቦ ያቆየልን ግን እፍረቷን ነው። በዓለም ታላቅ የነበረውን መንግሥት የምትጋራ ሴት፣ ስለ ገዛ አካሏ ለመናገር አፏ ተይዞ ነበር።

ከአቶሳ ዘመን ብዙ ቆይቶ፣ በ2ኛው መቶ ዓመት የኖረው ሐኪሙ ጋሌን በሽታውን ከጥቁር ሐሞት መብዛት የሚመጣ ነው አለ። ይኸው ጥቁር ሐሞት በዚያን ጊዜ ትምህርት የትካዜም ምንጭ ነበር። እንግዲህ ካንሰርና ሐዘን ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ወንድማማቾች ሆኑ ማለት ነው። የጋሌን ትምህርት ከሺህ ዓመት በላይ ሲሠራበት ኖሯል። ሐሞቱ ከሕክምና መጻሕፍት ከተሰረዘ በኋላ እንኳ ጥላው አልጠፋም፤ «ብዙ ስለሚያዝን ነው የያዘው»፣ «ብሶቷን በሆዷ ስለያዘች ነው» የሚለው ሐሜት እስከ እኛ ዘመን ድረስ መጥቷል። ታማሚው በአንድ ትከሻው ሕመሙን፣ በሌላው ደግሞ ጥፋቱን ይሸከማል።

* * *

ካነበብኳቸው ሁሉ ልቤን የነካው የፋኒ በርኒ ታሪክ ነው። ፋኒ በርኒ በ1778 ባሳተመችው «ኤቭሊና» በተሰኘው ልብ ወለዷ በእንግሊዝ አገር ስመ ጥር ደራሲ ነበረች። በኋላ ፈረንሳዊ መኮንን አግብታ በፓሪስ ተቀመጠች። በ1810 ጡቷን ያማት ጀመር። ሕመሙ እየጸና ሲሄድ ሐኪሞቹ ከመቁረጥ በቀር መፍትሔ የለም አሏት። ሴፕቴምበር 30 ቀን 1811 በገዛ ቤቷ ሳሉ ጥቁር የለበሱ ሰባት ሰዎች ገቡ። ከእነርሱ አንዱ የናፖሊዮን ሠራዊት ዝነኛ ቀዳጅ ሐኪም ባሮን ላሬ ነበር።

ሰውን አደንዝዞ መቅደድ በአደባባይ የታየው በ1846 ነውና ያን ጊዜ ማደንዘዣ የሚባል ነገር አልነበረም። ለበርኒ የተሰጣት ወይን ያለበት መጠጥ ብቻ ነው። ፊቷን በመሐረብ ሸፈኑላት፤ መሐረቡ ግን ስስ ኖሮ የቢላዋው ብልጭታ በእርሱ አልፎ ታያት። ዕድሜዋ 59 ዓመት ነበር። ባሏ ስቃይዋን እንዳያይ ቀድማ አስባ፣ ከቤት ርቆ እንዲውል አድርጋለች።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ራሷ ስለ ጻፈችው ነው። ከቀዶ ሕክምናው ከወራት በኋላ ለእኅቷ ለአስቴር ረጅም ደብዳቤ ጀመረች። ደብዳቤው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ሳምንት አላለቀም፤ ስታቋርጥ፣ ደግሞ ስትቀጥል ወራት ወሰደባት። ትዝታው ራሱ ያማት ስለ ነበር ጽፋ የጨረሰችውን መልሳ ለማንበብ እንኳ አልደፈረችም። ግን ጻፈችው። ከዚያም ቀጥሎ በ1814 የመጨረሻ ልብ ወለዷን አሳተመች፤ ከእነዚያ ከሰባቱ ሰዎች ቀን በኋላ ሌላ 28 ዓመት ኖራ በ1840 በ87 ዓመቷ አረፈች። የዛሬ ሐኪሞች «ይህን ያህል ከኖረች በርግጥ ካንሰር ነበርን?» እያሉ ይከራከራሉ። የሆነው ሆኖ እርሷ ካንሰር ነው ተብላ፣ እርሱን አምና፣ በዚያ እምነት ቢላዋውን የተቀበለች ሴት ናት።

እኔን የሚደንቀኝ ጀግንነቷ አይደለም። በርኒ በደብዳቤዋ ራሷን ጀግና አላደረገችም፤ መጮኋን አልደበቀችም፤ ፍርሃቷንም አላሳነሰችም። የሚደንቀኝ የደረሰባትን ነገር ሌሎች እንዲናገሩላት አለመተዋ ነው። ሰባት ሰዎች ከበዋት ሳለ አካሏ የእነርሱ ሆኖ ነበር፤ ብዕሯን ስታነሣ ግን ተመልሶ የእርሷ ሆነ።

* * *

ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተራቀቀ፤ ማደንዘዣ መጣ፤ ጨረር መጣ፤ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት መጣ። ዝምታው ግን ቀጠለ። በ1961 ዶናልድ ኦከን የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም በቺካጎ ለሚሠሩ 219 ሐኪሞች መጠይቅ ሰጥቶ ነበር። ከመቶ 90ው ለታማሚ «ካንሰር ይዞሃል» ብሎ አለመናገርን እንደሚመርጡ መለሱ። ምክንያታቸው ከአጎቴ ምክንያት አይለይም፤ ተስፋውን እንዳንነጥቀው የሚል ነው። ይኸው መጠይቅ በ1979 ለሌሎች አሜሪካውያን ሐኪሞች ቢሰጥ ከመቶ 97ቱ «እንናገራለን» አሉ። በ18 ዓመት ውስጥ የአንድ አገር ሐኪሞች ልማድ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተገለበጠ።

ምን ለወጠው? አንዱ የሕክምናው መሻሻል ነው። ሁለተኛው የታማሚ መብት ጉዳይ በየቦታው መነሣቱ ነው። ሦስተኛው ግን ታማሚዎቹ ራሳቸው መናገራቸው ነው። በሴፕቴምበር 1974 የፕሬዚዳንት ፎርድ ባለቤት ቤቲ ፎርድ በጡት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው ነገሩን አልሸሸጉም፤ በጋዜጣ እንዲወጣ አደረጉ። ከዚያ ወዲህ የአሜሪካ ሴቶች ለምርመራ ጎረፉ። አንዲት ሴት በአደባባይ የተናገረችው ቃል ሌሎች ብዙዎችን ከሐኪም ደጅ አደረሰ።

ስለ እኛ ሳስብ አንድ ነገር ይገርመኛል። እኛ ክፉ ዜና መንገር የማናውቅ ሕዝብ አይደለንም። መርዶ የምንናገርበት ወግ አለን። ሽማግሌ ይመረጣል፤ ጎሕ ሳይቀድ ይኬዳል፤ የሚነገረው ሰው ብቻውን እንዳይሆን ወዳጅ ዘመድ ይሰበሰባል፤ ከተነገረም በኋላ ማንም ጥሎት አይሄድም። እንዲህ ያለ ጥበብ ያለው ሕዝብ ለሞት ዜና የሠራውን ወግ ለሕመም ዜና አልሠራም። ለቀሪው የሞቱን ሰው እንነግራለን፤ ለሚታመመው ግን የራሱን ሕመም አንነግርም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም» እንላለን። የሰውን በሽታ ከባለቤቱ የደበቀስ? ለዚህ ተረት አልተተረተም።

* * *

በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ሴቶች ከአንድ ከተማ፣ ከኒው ዮርክ፣ ሁለት ትንንሽ መጻሕፍት ጻፉ። ሱዛን ሶንታግ በ1975 በ42 ዓመቷ የጡት ካንሰር ተገኘባት፤ በ1978 ሕመም እንዴት ምሳሌያዊ ንግግር እንደሚሆን የሚመረምር መጽሐፍ አሳተመች። መጽሐፉ የቲቢንና የካንሰርን ስም እያነጻጸረ ይሄዳል። የአማርኛ አንባቢ ይህን ሲሰማ ፈገግ ሊል ይችላል፤ ሁለቱን በሽታዎች በአንድ ቃል «ነቀርሳ» እያልን የኖርን እኛ ነንና። ሶንታግ አጥብቃ የተቃወመችው ያንን የጋሌንን ጥላ ነው። ካንሰር ስሜቱን ያፈነ ሰው የሚያገኘው ቅጣት አይደለም፤ በሽታ በሽታ ነው፤ ሐኪም ፈልጉ እንጂ ባሕርያችሁን አትውቀሱ አለች። የሚደንቀው በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ራሷ ታማሚ መሆኗን አንድ ጊዜ እንኳ አለመጥቀሷ ነው።

ገጣሚዋ ኦድሪ ሎርድ ደግሞ በተቃራኒው መንገድ ሄደች። በ1978 አንድ ጡቷ ተቆረጠ፤ በ1980 የሕመሟን የዕለት ማስታወሻ ከድርሰቶቿ ጋር አድርጋ አሳተመች። የጎደለውን ቦታ በሰው ሠራሽ ነገር መሸፈን አልፈለገችም። በአንድ የሐኪም ቢሮ የምትሠራ ነርስ፣ እንዲህ ሆና መምጣቷ የሌሎችን መንፈስ እንደሚያወርድ ነግራታለች። ሎርድ መልሷን በመጽሐፏ ሰጠች፤ እስራኤላዊው ሞሼ ዳያን ዓይኑን በጨርቅ ሸፍኖ ሲዞር ጀግና ይባላል እንጂ ሰው ሠራሽ ዓይን አድርግ የሚለው የለም፤ ሴት ግን ቁስሏን እንድትደብቅ ትገደዳለች ስትል። በሽታው በ1984 ወደ ጉበቷ ተዛምቶ ተገኘ። ከዚያም በኋላ ስምንት ዓመት ስትጽፍ፣ ስታስተምር፣ አገር ለአገር ስትዞር ኖራ በ1992 አረፈች።

ሎርድ ያወጣችው አንድ እውነት አለ። ታማሚን ዝም የሚያሰኘው ክፉ ሰው ብቻ አይደለም፤ አጽናኝም ዝም ያሰኘዋል። «አይዞሽ፣ ፈገግ በይ፣ በርቺ» የሚለው ቃል በጎ ቃል ነው። ነገር ግን ለሐዘን ቦታ ካላስቀረ በር ይዘጋል። በርቺ የተባለች ሴት «ዛሬ ፈርቻለሁ» ለማለት ማንን ታገኛለች?

* * *

ይህን በሕክምና ቋንቋ የተናገሩት ዶክተር ጂሚ ሆላንድ ናቸው። የአእምሮ ሐኪም የነበሩት እኚህ አሜሪካዊት በ1977 በኒው ዮርክ በታወቀ የካንሰር ሆስፒታል ለታማሚዎች መንፈስ የሚያስብ ክፍል አቋቁመው፣ እስከ ዕለተ ሞታቸው እስከ 2017 ድረስ በዚያው ሙያ ኖረዋል። ሁልጊዜ ደስተኛና ተስፈኛ ሁን እያሉ ታማሚን ማስጨነቅን አምባገነንነት ብለውታል፤ ሰውየው ባዘነ ቁጥር «ሐዘኔ ዕጢዬን እያሳደገው ነው» ብሎ እንዲሰጋ ያደርገዋልና። ከሥራ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1990ዎቹ መጨረሻ ያስተዋወቁት ዘዴም ቀላል ነው። የሙቀት መለኪያ በሚመስል ሥዕል ላይ፣ ከ0 እስከ 10 ባለው ቁጥር፣ ታማሚው የጭንቀቱን ልክ ያመለክታል። «አብደሃል ወይ?» የተባለ ሳይመስለው የልቡን እንዲናገር አፍ ይሰጠዋል።

መንፈስ ሥጋን ይፈውሳል ወይ የሚለው ጥያቄም በሳይንስ ሚዛን ተመዝኗል። በ1989 ዴቪድ ስፒግልና ባልደረቦቹ በሽታው የተዛመተባቸውን 86 ሴቶች የተከታተሉበትን ጥናት አወጡ። በየሳምንቱ እየተሰበሰቡ ስለ ሞትና ስለ ሕይወት በግልጽ የተነጋገሩት ሴቶች በአማካይ 36.6 ወር ሲኖሩ፣ ያልተሰበሰቡት 18.9 ወር ኖሩ። ዓለም ተደነቀ። ነገር ግን በ2001 በካናዳ 235 ሴቶች የተሳተፉበት ጥናት ዕድሜ የማርዘሙን ነገር አላገኘውም። ስፒግል ራሱም ጥናቱን ደግሞ ሠርቶ በ2007 ሐቀኛ ውጤቱን አሳተመ፤ የዕድሜ ልዩነት አልታየም። የካናዳው ጥናት ያገኘው ግን ቀላል አይደለም። በቡድን የተነጋገሩት ሴቶች፣ ይልቁንም መጀመሪያውኑ የተጨነቁት፣ መንፈሳቸው ተረጋጋ፤ የሕመም ስሜታቸውም ቀነሰ።

ይህን ሳነብ መጀመሪያ አዘንኩ፤ በኋላ ግን ሸክም የቀለለኝ መሰለኝ። መነጋገር ቀንን ካላስረዘመ፣ የሞተው ሰው የሞተው በደንብ ስላላሰበ ወይም ስላልተጋደለ አይደለም ማለት ነው። መነጋገር የሚያስፈልገው ዕድሜ ስለሚጨምር ሳይሆን፣ የቀረው ዕድሜ የሰውየው የራሱ እንዲሆን ነው።

በ1996 ደግሞ ሪቻርድ ቴዴስኪና ሎረንስ ካልሁን የተባሉ የሥነ ልቡና ምሁራን፣ ከመከራ በኋላ የሚገኘውን ዕድገት የሚለኩባቸውን 21 ዐረፍተ ነገሮች አወጡ። ዕድገቱ በአምስት በኩል ይታያል አሉ፤ ከሰው ጋር ባለ ቅርበት፣ ለሕይወት በሚታይ አዲስ መንገድ፣ በውስጥ ብርታት፣ በመንፈሳዊ ለውጥ፣ ለኑሮ በሚሰጥ ዋጋ። መከራውን ከምድር መንቀጥቀጥ ጋር ያመሳስሉታል። ሰው ዓለሙን ያቆመባቸው እምነቶች ይናጋሉ፤ ዕድገቱም ፍርስራሹን አንሥቶ እንደገና በመሥራት ይመጣል። ልብ በሉ፤ ያሳደገው መንቀጥቀጡ አይደለም፤ ሥራው ነው። ደግሞም ያደገ ሰው ሁሉ ሐዘኑ ጠፍቷል አላሉም፤ ዕድገትና ሥቃይ በአንድ ቤት ያድራሉ። ሰዎች አደግን የሚሉት ዕድገት በርግጥ ዕድገት ነው ወይስ መጽናኛ የሚለው ክርክር በምሁራኑ መካከል አልተዘጋም። እኔ ከዚህ የወሰድኩት አንድ ነገር ነው። ዕድገት ለታማሚ የሚሰጥ ትእዛዝ ሊሆን አይገባውም። መጣ ከተባለ እሰየው፤ ካልመጣም ታማሚው ያጠፋው ነገር የለም። ሆኖም የሚናገረውን የሚሰማ፣ ፍርስራሹን አብሮት የሚያነሣ ሰው ከሌለ ለመሥራት ይከብደዋል።

* * *

አሁን ወደ አክስቴ መንገድ ልመለስ። ለብዙ ዘመን የሐኪሞችም ምክር የእኛው ምክር ነበር፤ ተኛ፣ ዕረፍ፣ ጉልበትህን ቆጥብ። በ1980ዎቹ ግን በአሜሪካ በኦሃዮ የነርስነት ሙያ ተመራማሪዎች፣ መድኃኒት እየወሰዱ ያሉ የጡት ካንሰር ታማሚ ሴቶችን በማይንቀሳቀስ ብስክሌት ላይ አስቀምጠው በሳምንት ሦስት ጊዜ ማስነዳት ጀመሩ። ሴቶቹ እንደ ተፈራው አልደከሙም፤ ይልቁንም የመሥራት አቅማቸው ጨመረ። በ2010 የተሰበሰቡ ባለሙያዎች ለካንሰር ታማሚዎች የሰጡት ምክር አጭር ነው፤ ያለ እንቅስቃሴ አትቀመጡ። በ2019 ይህ ምክር መጠን ተሰጠው። በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 30 ደቂቃ፣ ትንፋሽ ከፍ የሚያደርግ እንቅስቃሴ ድካምን፣ ጭንቀትንና የመንፈስ መውደቅን ለማቅለል ይረዳል የሚል ነው።

ትልቁ ምስክር የመጣው በ2025 ነው። በይበልጥ በካናዳና በአውስትራሊያ፣ የአንጀት ካንሰራቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸውና የመድኃኒት ሕክምናቸውን የጨረሱ 889 ሰዎች በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። ግማሾቹ ስለ ጤናማ ኑሮ የሚናገር ጽሑፍ ተሰጣቸው። ግማሾቹ ደግሞ ለሦስት ዓመት የሚደግፋቸውና የሚከታተላቸው አሠልጣኝ ተመደበላቸው፤ ብዙዎቹ የመረጡት ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ ነው። ከ8 ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት፣ ጽሑፍ ብቻ ከተሰጣቸው ከመቶ 83.2፣ ከተራመዱት ደግሞ ከመቶ 90.3 ነበሩ። መነጋገር ያላስረዘመውን ዕድሜ መራመድ አስረዘመው ማለት ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር መናገር አለብኝ። አንደኛ፣ ጉዞው ከሕክምና በኋላ የተጨመረ እንጂ በሕክምና ፈንታ የተሰጠ አይደለም። አክስቴ የሞቱት ስለከለከልናቸው ነው አልልም፤ የእርሳቸው በሽታ ሲገኝ አስቀድሞ ተዛምቶ ነበር። ሁለተኛ፣ ከሁለቱ ወገን ወረቀት ብቻ የተሰጠው ወገን ምክሩን ያጣ አይደለም። ያጣው አብሮት የሚቆም ሰው ነው። ልማድ በምክር ብቻ አይያዝም። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብንልም፣ እስኪሄድ ድረስ የሚታቀፈው ያስፈልገዋል።

ሁለቱ ጥያቄዎቼም እዚህ ላይ ተገናኙ። ከእነዚያ 889 ሰዎች መካከል ሕመሙን ያላወቀ አንድም አልነበረም። ያላወቀ ሰው በፈቃዱ ሊሳተፍ አይችልም፤ ለምን ማልዶ እንደሚነሣ፣ ለምን ትንባሆውን እንደሚተው፣ ለምን መጠጡን እንደሚቀንስ አያውቅምና። እኛ ለአክስቴ ዕረፍት የሰጠናቸው መስሎን ምክንያታቸውን ወስደንባቸው ነበር። እርሳቸው ግን ምክንያታቸውን ከሌላ ቦታ አገኙት፤ ከመንገዱና ከደጀ ሰላሙ።

* * *

በአገራችንም ዝምታውን የሰበሩ አሉ። አራት ዓመት የሆነው ማቲዎስ ወንዱ የተባለ ሕፃን በደም ካንሰር ከዚህ ዓለም ሲለይ ወላጆቹ ሐዘናቸውን በቤታቸው አልቆለፉበትም። በ2004 በልጃቸው ስም የካንሰር ማኅበር አቋቋሙ፤ ስሙ የማይጠራውን በሽታ በአደባባይ፣ ያውም ከልጃቸው ስም ጋር ጠሩት። ምሁራኑ በ21 ዐረፍተ ነገር የሚለኩትን ነገር እኔ በዚህ አንድ ስም ውስጥ አየዋለሁ።

በመጨረሻው ሳምንት ለአክስቴ ልንገራቸው ቆርጬ አልጋቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከየት እንደምጀምር ጠፍቶኝ ሳመነታ እጄን ያዙኝና፣ «ያን ቀን ከሐኪም ቤት ስትመለሱ የሁላችሁን ፊት አይቼ አወቅሁት» አሉኝ። «ታዲያ ለምን ዝም አሉ?» ብላቸው፣ «እናንተ እንዳታዝኑ ነዋ» አሉ። ያን ሁሉ ወር እኛ እርሳቸውን፣ እርሳቸው እኛን ስንጠብቅ፣ በአንድ ቤት ውስጥ ለየብቻችን ስናለቅስ ኖረናል። የቀሩን ጥቂት ቀናት ግን የተነጋገርንባቸው ሆኑ። ለማን ምን እንደሚሰጥ ተናገሩ፤ ከተቀያየሟት ጎረቤታቸው ጋር ታረቁ፤ አንድ ማለዳም በሁለት ሰው ተደግፈው እስከ አጥሩ በር ድረስ ሄደው ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዙረው ተሳለሙ። እኔ አንዱ ደጋፊ ነበርኩ።

ስንለያይ «ቸር ያሰማን» ማለት ልማዳችን ነው። መልካም ምርቃት ነው፤ እኔም አሜን እላለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምርበት፤ ቸሩ ሳይሆን ቀርቶ ክፉው ሲመጣም፣ ከባለቤቱ ጋር አብረን የምንሰማበት ልብ ይስጠን።